ቁመቷን የሚያህል ጧፍ

በ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ሆኖ፣ ለጥር ጊዮርጊስ ከቢቸና እስከ ሞጣ በእግሬ ሄድሁ። ወድጄ አልሄድሁም። ይህን አስቀድሜ መጻፌ፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለቴ ነው፣ አቶ ምኒችል በየጽዋው እየተነሣ ስለዚያ መንገድ የሚያወራው ሌላ ስለሆነ ነው። እሱ ሲያወራው ዐሥራ አንድ መላእክት ሞጣ ደርሰው የተመለሱ ይመስላል። እኔም እዚያው ነበርሁ። መልአክ አላየሁም፤ ቁንጫ አይቻለሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ ሞፈር የጨበጥሁ ሰው ነኝና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ፊደሉን ተዉትና ነገሩን ያዙ። የምጽፈው ጉልበት ለከዳችሁ፣ ሞጣን ለማታዩ ነው።

ነገሩ የሚስቴ የየሻረግ ስለት ነው። የሻረግ የሞጣ ልጅ ናት፤ ክርስትና የተነሣችውም እዚያው ነው። አንድ ዓመት ዓባይ በረሃ ወርጄ ንዳድ ይዞኝ ተመለስሁ። ዘመድ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ መቃብር ሊያስቆፍር ሲማከር፣ እሷ ራስጌዬ ቆማ፣ "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህን ሰው ብታነሣልኝ፣ ከማኅበሩ ጋር ሞጣ ድረስ በእግሬ መጥቼ ቁመቴን የሚያህል ጧፍ አበራልሃለሁ" ብላ ተሳለች። ዳንሁ። ድኜ መጀመሪያ ያደረግሁት እሷን መቆጣት ነው። "ሳትጠይቂኝ ምን ያስልሻል? ጊዮርጊስ ከሞጣ ውጭ አይሰማም?" አልኋት። ከዚያ ወዲያ ዘንድሮ አዝመራው አልተወቃም፣ ዘንድሮ ላሟ ልትወልድ ነው፣ ዘንድሮ መንገዱ አይታመንም እያልሁ ስድስት ዓመት ያዝኋት። በሰባተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተች።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። "ያሰርኸው አንተ ነህ፤ አንተው ፍታው። ከማኅበሩ ጋር ብላለች፣ ከማኅበሩ ጋር ሂድ። ቁመቴን ብላለች፣ ቁመቷን ይሁን። ያጠረ ስለት ካልገባ ስለት አይሻልም" አሉኝ። እንግዲህ የሄድሁት በዚህ ነው። ስለቷ በኔ ምክንያት ታስሮ እሷን በወዲያኛው ዓለም ደጅ እንዳያስጠናት።

ክሩን ራሷ ፈትላ በእንቅብ አኑራው ነበር። ጌጤ የምትባል ጎረቤታችንና ማኅበርተኛችን፣ ከየሻረግ ጋር ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጣ የፈተለች ሴት፣ ሰም አቅልጣ ጧፉን ልትሠራው መጣችና ልኩን ጠየቀችኝ። ቆምሁና እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ "እስከዚህ ነበረች" አልኋት።

"አያ ጥሩነህ፣ አጭር ነው።"

"ባሏ ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ጧፉን በሰጠኋት ልክ ሠራችው፤ ዝም ግን አላለችም። ሌላው ሰው ጧፉን አጣጥፎ በመሐረብ ነው የሚይዝ። እኔ የታጠፈ ቁመት ቁመት አይደለም ብዬ ቀርከሃ ቆረጥሁ፣ አንጓውን በጋለ ብረት በሳሁ፣ ጧፉን ቀጥ አድርጌ ከተትሁና አፉን በጨርቅ ወተፍሁት።

ሰኞ ጥር ፲፭ ገና ጎሕ ሲቀድ ከደጀ ሰላሙ ተሰበሰብን። ሙሴው አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አዲስ የሸራ ጫማ ተጫምቶ መጣ። ድንጋይ ላይ ወጣና፣ "ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነን። ስንቃችን በአንድ ስልቻ ይሁን። ሰላም የሚገኘው አንድ ሲሆኑ ነው" አለ።

"እኔ ስንቄን ለብቻዬ ይዣለሁ" አልሁት።

"አያ ጥሩነህ፣ ሰላም እኮ..."

"የኔ ሰላም በሶዬ ውስጥ ነው። ተወው።"

ሰው ሳቀ። እሱም መዝሙር አነሣና ወጣን። አንድ ቤተሰብ የተባለው ግን ሱሃ ወንዝ ሳንደርስ ስልቻውን ማን ይሸከም በሚል ተበተነ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ትናንት አልተኛሁም አለ፣ ሙሴው እኔ መዝሙር እመራለሁ አለ። በመጨረሻ ሴቶቹ ተሸከሙት። እኔ የራሴን ስልቻ በትከሻዬ፣ ቀርከሃዬን በእጄ ይዤ ከኋላ እሄዳለሁ።

በጥር ሱሃ ጉልበት አይሞላም። ሙሴው ጫማውን እንዳያረጥብ በድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ ሲሻገር መካከል ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው ውስጥ ማለቴ ነው። እኔ ቀርከሃዬን ከራሴ በላይ ይዤ በውሃው ገብቼ ተሻገርሁ። "አያ ጥሩነህ መለከት ይዘው ነው የሚዘምቱ" አለ አንዱ። ጌጤ ከወዲያ ማዶ፣ "መለከቱ አጭር ነው" አለች።

ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር አፈሩ ቀይ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል። የቢቸናን ጥቁር አፈር አርሶ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ለገበሬው ያዝንለታል። የጤፍ ክምራቸውም ቀጫጫ ነው። ይህን ጮህ ብዬ ስናገር ሙሴው፣ "በመንገድ የሰው አገር አይነቀፍም፤ ሰላምን ያደፈርሳል" አለኝ። እኔ አፈሩን ነው የነቀፍሁት፤ አፈሩም አልተቀየመኝም።

ሲመሽ ደብረ ወርቅ አጠገብ አያ በላይ የሚባል ገበሬ ዘንድ አደርን። የእግዜር እንግዳ ነን ስንለው ከአፋችን ነጥቆ፣ "ግቡ፣ ግቡ" አለ። በሩ ዝቅ ያለ ነው። እኔ በራሴ ቤት ጎንበስ ብዬ ገብቼ አላውቅም፤ በሩን በቁመቴ ነው የሠራሁት። ልማዴ ሆኖ ቀጥ ብዬ ስገባ ጉበኑ፣ የበሩ ላይኛ እንጨት፣ ግንባሬን ድው አደረገኝ። ጌጤ ከኋላዬ ሳቀችና፣ "የሻረግ ብትሆን አይመታትም ነበር፤ ለምዳዋለች" አለች።

"ምኑን ነው የለመደችው?"

"እንጃ" አለችኝና ወደ እሳቱ ሄደች።

የሻረግ በደጃችን ስትገባ አንገቷን ደፋ ታደርግ እንደ ነበር እኔም አውቃለሁ። የጨዋ ልጅ ስለሆነች ነው። ለጌጤም ይህንኑ ነገርኋት። "እሺ" አለች። የጌጤ እሺ ከሌላው ሰው ስድብ ይብሳል።

አያ በላይ ውሃ አሙቆ በገበቴ አመጣ። በኛም አገር የእንግዳ እግር ይታጠባል፤ ግን የሚያጥበው የቤቱ ታናሽ ነው። ይህ ሰው እኔን የሚያህል ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ራሱ በርከክ አለ። እግሬን ሳብ አደረግሁ።

"ተው፣ አንተም ሽማግሌ ነህ።"

"ደጄን ከረገጠ በኋላ እግሩ የኔ ነው" አለና መልሶ ያዘው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሸ አጠበኝ። ሙሴው ይህን አይቶ ስለ ትሕትና ሊሰብክ ጀመረ። አያ በላይ፣ "እርስዎም እግርዎን ያምጡ፣ ይቀዘቅዛል ውሃው" ብሎ አፉን አስያዘው። ከዚያ ወዲህ ይህን ሰው ወድጄዋለሁ።

ውሻውን ግን አልወደድሁትም። ማኅበርተኛው ስልቻውን እቤት አስገብቶ አሳድሮ ኖሯል፤ እኔ የኔን ከሰው ለመለየት ውጭ በረቱ አጥር ላይ ሰቀልሁት። ጠዋት ብነሣ ስልቻዬ ተቀዶ፣ በሶዬ በግቢው ተዘርቶ፣ ውሻው ጢሙ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

ሙሴው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ "አያ ጥሩነህ፣ እግዚአብሔር ወደ አንድ ማዕድ ጠራዎት!" አለ።

"የጠራኝ ውሻ ነው" አልሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ስልቻ በላሁ። ጌጤ ናት በመዳፏ እየሰፈረች የምትሰጠኝ። ከሌላው አብልጣ ትሰፍርልኛለች፤ አይቻለሁ። የየሻረግ እጅ እንዲያ ነበር፤ ለራሷ ሳታይ ነው የምትሰፍር። ይህን ግን ለጌጤ አልነገርኋትም፤ ምን ልትለኝ እንደምትችል አውቃለሁ።

ማክሰኞ ፲፮ ቀን ወደ ጉንደወይን ሄድን። ፀሐዩ መረር ያለ ነበር። ቀርከሃዬን በጋቢዬ ጥላ ሥር እያደረግሁ ሰሙ እንዳይቀልጥ ስጠብቅ ዋልሁ። የሙሴው ጫማ በሱሃ ከራሰ በኋላ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኖበታል። ሲያነክስ መዝሙሩም አብሮት አነከሰ።

"አውልቀው" አልሁት።

"ይህ ጫማ እኮ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው።"

"ጫማው ከደብረ ማርቆስ መጣ፤ እግርህ ግን ከቢቸና ነው የመጣ።"

እምቢ አለ። ቀትር ላይ ሁለት ተረከዙ ተልጦ ተቀመጠ፣ ጫማውንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ሄደ። ይህን በጽዋው ላይ ሲያወራ፣ "አያ ጥሩነህን ደግፌ" እያለ ነው የሚያወራው። ማን ማንን እንደደገፈ ትከሻዬ ያውቃል።

ጉንደወይን ስንደርስ አንዲት እሜቴ ውዴ የሚሏቸው ባልቴት አንዲት ክፍል ቤታቸውን ለቀቁልን። ቤታቸው ከኛ ከብት ቤት ያንሳል። ለዐሥራ አንድ ሰው ጉዝጓዝ ጎዝጉዘው፣ የተቆላ ባቄላ አቅርበው፣ ጠላ ቀዱልን። ጠላው ገብስን በሩቁ ያየ ነው፤ የቢቸናን ጠላ የጠጣ ሰው ውሃ ነው ብሎ እግሩን ይታጠብበታል። እሜቴ ውዴ ግን ያላቸውን ሁሉ ነው የቀዱት። ጋኑን አዘንብለው ሲያንጠፈጥፉት አየሁ። ሦስት ጠጥቼ አራተኛ ለመንሁ። ምን ላድርግ፣ አይቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቀርከሃው ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። "ምስኪን" አሉ። "ስንት ታህል ነበር?"

እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

እሜቴ ውዴ ጥርስ በሌለው አፋቸው ከት ብለው ሳቁ። "አይ ልጄ! እኔን ያገባኝም እንዲያ ይል ነበር። ባል ሁሉ የሚያሳየው ጆሮውን ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ጌጤ ዕንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። ወንዶቹ ባቄላቸውን ቆረጠሙ። እኔም ቆረጠምሁ። ነገር ግን የባልቴቷ ነገር ጥርሴ ውስጥ እንደ ቀረ ገለፈት ሆኖ ሲያሳክከኝ አደረ።

ረቡዕ ፲፯ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተጉዘን ሞጣ ገባን። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስንም። ሙሴው ሦስት ቀን ሙሉ፣ "ሞጣ ስንደርስ ዘመዴ አለ። ሰፊ ቤት አለው። ዐሥራ አንድ አይደለም መቶ ሰው ያሳድራል" ሲለን ነበር። ደረስን። የዘመዱ ቤት ሰፊ ነው፤ አልዋሸም። ግን ከአማኑኤል ከተማ የመጣ ሌላ ማኅበር ቀድሞን ገብቶ ሞልቶታል። ዘመድዬው በር ላይ ቆሞ ሙሴውን ሁለት ጊዜ ሳመውና፣ "ምን ላድርግ፣ የተጋደመ ሰው አላስነሣ" ብሎ ዘጋው።

ሙሴው ያን ጊዜ ዝም አለ። ከቢቸና ከወጣን ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሞጣ ሁሉ ሰው ነው፤ አጥር ሥር፣ ዛፍ ሥር፣ ሰው ተኝቷል። ከተማዋ ከቢቸና ትበልጣለች ይሉኝ ነበር፤ አትበልጥም፤ ያን ቀን ሰው ስለመላት ነው።

በገበያው ዳር ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ሱቁን ሊዘጋ አቡጀዲ ጥቅልል ወደ ውስጥ ያስገባል። ጌጤ ድንገት፣ "አያ ሰይድ!" ብላ ጮኸች። ዞር አለ። እኔም ፊቱን አወቅሁት፤ በገበያ ቀን ቢቸና ድረስ ጨርቅ ጭኖ የሚመጣ እስላም ነጋዴ ነው። ጨርቅ መግዛት የሴት ነገር ነው ብዬ ቀርቤው አላውቅም።

"ጌጤ! ምን እግር ጣለሽ? የሻረግስ? የሻረግ አልመጣችም?"

"የሻረግ አርፋለች፣ አያ ሰይድ። ኅዳር ላይ።"

ጨርቁን እንደታቀፈ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። "አላህ ይማራት" አለ። "የሰፈሬ ልጅ ነበረች። ሕፃን ሆነን ውሃ አብረን ነው የቀዳን።" ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "እርስዎ ባለቤቷ ነዎት። አውቅዎታለሁ። የት ልታድሩ ነው?"

ሙሴው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እኔ ነኝ፣ "ማደሪያ የለንም" ያልሁ።

ሱቁን ዘግቶ ወሰደን። ሚስቱ ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ የተቀመጠ ሰሐንና ዋንጫ ከግድግዳው አወረደች። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርታ ሽሮውን በዚያችው ሴት ድስት አሠራችልን። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለ፣ ነገር የለ። ስንበላም አያ ሰይድ፣ የቤቱ ጌታ ሆኖ፣ እንዳናፍር በር ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ስለ አንድ ማዕድ ሲሰበክልን ቆየና ያበላን ከማዕዱ የማይቀርበው ሰው ሆነ። ይህንንም ሙሴው በጽዋው አያወራውም።

ከበላን በኋላ አያ ሰይድ ቀርከሃውን አነሣና፣ "ይህስ ምንድር ነው?" አለ።

"የየሻረግ ስለት። ቁመቷን የሚያህል ጧፍ ነው።"

ቀርከሃውን አቆመው፣ ከላይ እስከ ታች አየው። "የማን ቁመት?"

"የየሻረግ አልሁ።"

ጌጤን አያት። ጌጤ ጣሪያ ታያለች። አያ ሰይድ ተነሣና፣ "አያ ጥሩነህ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ" አለ። ቆምሁ። በክንዱ ከትከሻዬ ጀምሮ፣ ጨርቅ እንደሚለካ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ሰፈረኝ። "ሦስት ክንድ፣ አራት ጣት ሲቀረው" አለ።

"የሻረግስ ስንት ነበረች?" አለች ጌጤ። እያወቀች ነው የጠየቀች።

"ሦስት ክንድ ሙሉ። ሠላሳ ዓመት ቀሚስ ስቆርጥላት ሦስት ክንድ ሙሉ ነው። እኔ እንደሆነ ክንዴ አልረዘመ፣ አላጠረ።"

"ነጋዴ ነህ፤ አብዝተህ ልትሸጥ ነው" አልሁት።

አልተቆጣም። "አብዝቼ እንዳልሸጥባት እሷ ሞኝ አልነበረች" አለ። ከዚያ ጺሙን እያሻሸ፣ "ልንገርዎት ወይስ ልተወው?" አለኝ።

"ተናገር።"

"እርስዎ ገበያ አብረዋት የመጡ ቀን፣ 'ሰይድ፣ ዛሬ ክንዱን ጮህ ብለህ አትቁጠር፤ በሆድህ ቁጠር' ትለኝ ነበር።"

ዐሥር ማኅበርተኛ ተቀምጦ ሰምቷል።

"ዋሽታኛለች" አልሁ።

"አልዋሸችም" አለች ጌጤ። ድምፅዋ ያን ጊዜ እንደ ወትሮው አልነበረም። "አንድ ቀን ጆሮዎት ድረስ ነኝ ብላ ተናግራለች? እርስዎ ነዎት የሚናገሩት። እሷ ጎንበስ ትልልዎት ነበር። መንገድ ላይ ከኋላዎ ስትሄድ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ነው የምትሄድ። እኔ ቀጥ በይ ስላት፣ 'ተይው፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ደስ ይለዋል' ትለኝ ነበር።"

ቁጭ አልሁ። ደጃችን ትዝ አለኝ። አርባ ሁለት ዓመት በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ፣ እንስራ ተሸክማ ስትገባና ስትወጣ፣ አንገቷን ስትደፋ አየኋት። ጨዋ ልጅ ነች እያልሁ ስኮራ ኖርሁ። ጨዋነት አልነበረም፤ ጉበኑ ነው።

"ስንት ጎደለ?" አልሁ።

አያ ሰይድ በራሴ ላይ ለካ። ከጆሮዬ እስከ አናቴ አንድ ስንዝር፤ ከአናቴ በላይ አራት ጣት። ስለቱ ይህን ያህል አጭር ነው፤ በዓሉ ነገ ጠዋት ነው። ያጠረ ስለት ካልገባ አይሻልም ያሉኝ የንስሐ አባቴ ቃል እንደ ሚዶ ወጋኝ።

አያ ሰይድ ከሱቁ የፋብሪካ ክር አመጣ። ጌጤ በጣቷ አሸችውና፣ "ይህ ይንሸራተታል፤ ሰም አይዝም" አለች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ከነጠላዋ ዳር ክር መዘዘች። አንድ፣ ሁለት። አጠገቧ ያለችው ሴትም መዘዘች። ከዚያ ሌላዋ። ወንዶቹም የጋቢያቸውን ዳር በጥርሳቸው ይፈቱ ጀመር። ሁሉም የየሚስቱ፣ የየእናቱ ፈትል ነው። ሙሴው አዲሱን ጋቢውን አየው። ክሩን አየው። ተራው ደርሶ ሰው ሁሉ ሲያየው፣ "ዳሩ ከተፈታ እንግዲህ አይቆምም እኮ" አለ።

"አይቆምም" አልሁት።

ነጨው። ትንሽ አይደለም የነጨው፤ ይህን እመሰክርለታለሁ።

እኔም ከጋቢዬ ልመዝ ስል ጌጤ እጄን ያዘችኝ። "የርስዎ መካከል ላይ ይሁን፤ እሷው የፈተለችው ነው" አለች። የኔን ክር መካከል አድርጋ የሰውን ሁሉ ዙሪያውን ገመደችው። አያ ሰይድ ጡጫ የሚያህል ሰም አመጣ። ዋጋ ስጠይቀው፣ "ሠላሳ ዓመት አብዝቼ ሸጥሁባት ይሉ የለ? ይኼው ምራቂው" አለኝ። ቀልዱ ጥሩ አልነበረም፤ ግን ሳቅሁ።

ጌጤ የጧፉን ጫፍ በእሳት አለስልሳ አዲሱን ክር ቀጠለችበት፣ ሰም አለበሰችው፣ በሁለት መዳፏ እያንከባለለች አጠበቀችው። ወደ ቀርከሃው ስመልሰው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ከአፉ ወጥቶ ቀረ። ውታፉን ጣልሁት።

ሐሙስ ጥር ፲፰ በዓሉ ዋለ። ስለ በዓሉ ብዙ አልጽፍም። ሰው ይጋፋል፣ አቧራ ይነሣል፣ አንዱ እግሬን ረገጠኝና ይቅርታ ሳይጠይቅ ሄደ። ቢቸና ቢሆን እንዲያ አይደረግም። ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከምዕራቡ በር አጠገብ ማኅበሩ ዙሪያዬን ቆሞ ጧፉን አቆምሁት። ጌጤ ለኮሰችው። እሳቱ ከአናቴ በላይ ነው የሚነደው፤ ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ። ሚስቴን ቀና ብዬ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሙሴው አለቀሰ፤ እሱ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ሰሙ በእጄ ላይ እየቀለጠ ወረደ፤ አልጠረግሁትም። ከላይ የማኅበሩ ክር ቀድሞ ነደደ፤ የኔም አብሮ። ከዚያ ወደ እሷው ፈትል ወረደ። ጫፏ ስትቀር ዲያቆኑ ተቀብሎኝ ገባ።

ሰላም አገኘህ ወይ ይለኛል ሙሴው በየጽዋው። አላውቅም። ያን ቀን ግን ከስልቻው ስንበላ ጌጤ እስክትሰፍርልኝ አልጠበቅሁም፤ እጄን ሰድጄ በላሁ።

ዓርብ ተነሥተን በመጣንበት ተመለስን። እሜቴ ውዴ ጠላ ጠምቀው ጠበቁን፤ የዚህኛው ገብሱ ቀርቦ ሰላም ብሎታል። እሑድ አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ ደብረ ወርቅ ዋልን። አያ በላይ ደግሞ እግራችንን አጠበ፤ ውሻውንም አሰረልኝ። ሰኞ ጥር ፳፪ ከቀትር በኋላ ቢቸና ገባን። ጌጤ ከኔ ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ጉበኑ ከአናቴ በላይ አንድ ጣት ብቻ ነው ያለው። ያን እንጨት በጎጆ መውጫዬ ጊዜ በራሴ ቁመት ለክቼ የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

"ምን ያቆምዎታል?" አለች ጌጤ።

"ሂጂ፣ ቤትሽ ይጠብቅሻል" አልኋት።

በማግሥቱ ጠዋት ምሳሬን አውጥቼ የበሩን ጉበን መታሁት። ጭቃው ረገፈ፣ ማገሩ ተሰበረ። ሁለተኛውን ስመታ ሙሴው መጣ፤ ለማኅበሩ ጽዋ ሊጠራኝ ኖሯል። ቀኑ ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው።

"አያ ጥሩነህ! በጊዮርጊስ ቀን ምሳር? ዛሬ እንጨት አይቆረጥም!"

"ጊዮርጊስና እኔ ሞጣ ላይ ተነጋግረናል።"

"ኧረ በስመ አብ! ነገ አይደርስም?"

"ስድስት ዓመት ነገ ስላት ኖርሁ" አልሁት። "ወይ ሂድ፣ ወይ ያንን እንጨት ያዝ።"

አማተበ። ዘወር ብሎ ሰው እንዳያየው አየ። ከዚያ ክሩ የተንጠለጠለውን ጋቢውን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና፣ "ኃጢአቱ የርስዎ ነው" እያለ የጉበኑን ጫፍ በትከሻው ደገፈ። ከፍ አደረግነው። ረዘም ያለ መቃን ጠርቤ፣ አዲስ ማገር አስገብቼ፣ በልጥ አሰርሁት።

ሲያልቅ ደፉ ላይ ወጥቼ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። እጄን አነሣሁና በአናቴና በጉበኑ መካከል ከተትሁት። አራት ጣት ገባ። አንድ ጣት ለሹሩባዋ ተረፈ።